የተቆጣውን ማን ያበርደዋል?

ከሐኪም ቤት ቋንቋ ይልቅ የእናቶቻችን አማርኛ የተሻለ የሚገልጸው አንድ ነገር አለ። ቁስል ይቆጣል። ዐይን ይቆጣል። የተበሳ ጆሮ ይቆጣል። ቀላ፣ አበጠ፣ ተኮሰ፣ ጠዘጠዘ ብሎ ምልክት ከመዘርዘር በአንድ ግስ ይጨርሱታል። ቃሉን የምወደው ባለቤቱን ስለማይስት ነው፤ የሚቆጣው ጀርሙ ሳይሆን እኛው ነን። ቅላቱም፣ እብጠቱም፣ ትኩሳቱም የራሳችን ነጭ የደም ሕዋሳት ሥራ ነው። ቁጣ ካልን ደግሞ ወዲያው የሚከተል ጥያቄ አለ፤ ማን ያበርደዋል?

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ያሉትን ፋርማሲዎች እያየ የሚያልፍ ሰው ይህ ጥያቄ ተነሥቶ የሚያውቅ አይመስለውም። ከመስታወቱ ጀርባ የሚደረደረው «በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያሳድግ» ነው፤ ቫይታሚን ሲ፣ ዚንክ፣ ስሙ የማይያዝ ሽሮፕ። ኮሮና በገባበት በ2012 ዓ.ም. በየቤቱም ነገሩ ያው ነበር፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ። ሁሉም ለማሳደግ ነው። ከዚያው መደርደሪያ ጥግ ግን በሐኪም ወረቀት የሚወጣ ሌላ ትንሽ ክኒን አለ፤ ፕሬድኒሶሎን። ሥራው ያንኑ አቅም ዝቅ ማድረግ ነው። አስም የጠናበት፣ መገጣጠሚያው ያበጠበት፣ ኩላሊት የተተከለለት፣ የሥጋ ደዌ ሕመሙ የተቆጣበት ሰው ይወስደዋል። አንድ ሱቅ ሁለቱንም ይሸጣል፤ ማስታወቂያ የሚለጠፍለት ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

እኔ ስለ መከላከያ አቅም ስንነጋገር ሞተሩን እያወራን ፍሬኑን እንረሳለን ባይ ነኝ። በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተደረገው ምርምር ግን ደጋግሞ የሚያደርሰን ፍሬኑ ዘንድ ነው።

ልደታ ሲባል ለብዙው አዲስ አበቤ ቀድመው የሚታወሱት ቤተ ክርስቲያኗና ፍርድ ቤቱ ናቸው። የፍርድ ቤት ቋንቋ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ይመቻል። ቲ ሴል የሚባለው ሕዋስ በአንድ ምስክር አይነሣም። የመጀመሪያው ምስክርነት አቅራቢ ሕዋስ ከጀርሙ ቆርሶ የሚያሳየው ቁራጭ ነው። ሁለተኛው፣ ይኸው አቅራቢ አደጋ ማየቱን የሚያረጋግጥበት ቢ7 የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ቲ ሴሉ ሲዲ28 በተባለው እጁ ይዳስሰዋል። ሁለቱ ሲገጥሙ ሕዋሱ ነቅቶ ይባዛል። የመጀመሪያው ብቻውን ሲመጣ ግን መዝገቡ ተዘግቶ አይቀርም፤ ሕዋሱ ራሱ ይደነዝዛል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ምስክር ቢቆምለትም በቀላሉ አይነሣም። ማርክ ጄንኪንስና ሮናልድ ሽዋርትዝ ይህን ድንዛዜ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ በቤተ ሙከራ አሳይተዋል። ጉበታችንና ቆዳችን የራሳቸውን ቁራጭ ሌት ተቀን እያሳዩ ሳይጠቁ የሚኖሩት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

እግዱ የሚመጣው ደግሞ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ነው። የነቃው ቲ ሴል በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሲቲኤልኤ-4 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ወደ ገጹ ያወጣል። ይህ ፕሮቲን የሚይዘው ያንኑ ቢ7 ነው፤ አያያዙ ግን ከሲዲ28 እጅግ ይጠብቃል። ምስክሩን ከወንበሩ ያስነሣዋል ማለት ይቻላል፤ አንዳንዴም ከአቅራቢው ገጽ ነቅሎ ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ተፈጠሩ። በተወለዱ በሦስትና በአራት ሳምንታቸው አለቁ። የገደላቸው ጀርም አልነበረም፤ ልባቸውንና ጣፊያቸውን የወረሩት የራሳቸው ሕዋሳት ናቸው። ፍሬን ለመኪና ጌጥ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ይህን ሙከራ ያንብብ።

ሁለተኛው ፍሬን ፒዲ-1 ነው። የጃፓኑ ታሱኩ ሆንጆ ቡድን ኪዮቶ ላይ እ.ኤ.አ. በ1992 አገኘው። ሲቲኤልኤ-4 ሕዋሱን በሥልጠና ቦታው፣ በንፍፊቱ ውስጥ ሲይዘው፣ ፒዲ-1 በዘመቻ ላይ ሳለ ይይዘዋል። የማንቂያው መልእክት በሕዋሱ ውስጥ የሚተላለፈው ፎስፌት በሚባሉ ምልክቶች ነው፤ ፒዲ-1 የሚጠራው ኢንዛይም እነዚያን ምልክቶች እየተከታተለ ይፍቃል። ሆንጆና የሲቲኤልኤ-4ን ፍሬንነት ካሳዩት አንዱ የሆነው ጄምስ አሊሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤልን ተጋርተዋል።

እስካሁን ያልናቸው ሕዋሱ በራሱ ላይ የሚይዛቸው ልጓሞች ናቸው። ከውጭ የሚመጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «አፋኝ ቲ ሴሎች» አሉ ተብሎ ብዙ ተጽፎ፣ በ1980ዎቹ ማስረጃው ሲሳሳ ጉዳዩ የሚታፈርበት ሆኖ ነበር። ሺሞን ሳካጉቺ ግን አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲዲ25 የሚባል ምልክት የተሸከሙ ጥቂት ቲ ሴሎች ከተወገዱ አይጥ በራሷ ሰውነት ላይ እንደምትነሣ አሳየ። ሜሪ ብራንኮና ፍሬድ ራምስዴል እ.ኤ.አ. በ2001 ፎክስፒ3 የተባለውን ጂን ሲያገኙ ነገሩ መሠረት ያዘ፤ ይህ ጂን የተበላሸባቸው ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው አንጀታቸው፣ ቆዳቸውና ጣፊያቸው ይጠቃል። ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ኖቤል ተሸልመዋል። እነዚህን ሕዋሳት እኔ አረጋጊ ቲ ሴሎች እላቸዋለሁ። የሚያረጋጉትም በብዙ መንገድ ነው፤ የሌሎቹን ምግብ የሆነውን ኢንተርሉኪን-2 እየጠጡ ያስርቧቸዋል፣ ኢንተርሉኪን-10 እና ቲጂኤፍ-ቤታ የተባሉ አብራጅ ኬሚካሎችን ይረጫሉ፣ በሲቲኤልኤ-4ም ምስክሮችን ያነሣሉ።

ሌሎቹም ሕዋሳት የየራሳቸው አላቸው። ቢ ሴል ያመረተው አንቲቦዲ ሲበዛ ተመልሶ ቢ ሴሉን የሚያቆምበት ተቀባይ አለው። ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባለው ሕዋስ የራስ መታወቂያ የያዘ ሲያይ እጁን ይሰበስባል። መግል የሚሆነው ኒውትሮፊል ሥራውን ሲጨርስ ራሱን ይገድላል፤ ሬሳውን የሚውጠው ማክሮፋጅም በዚያው ኢንተርሉኪን-10 እና ቲጂኤፍ-ቤታ ማመንጨት ይጀምራል። የቁስል መብረድ እንግዲህ ቁጣው አልቆ መውጣቱ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከልደታ በጦር ኃይሎች ዞሮ ወደ ዘነበወርቅ የሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ በሰው ገላ ላይ የተጻፈበት ቦታ ይደርሳል። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ሕክምና ማእከል ነው፤ በግቢው ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በስካንዲኔቪያውያን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ ጀመረ። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እንደ መርዛማ ጠላት የሚያስቡት ብዙዎች ናቸው። ባክቴሪያው ግን እጅግ አዝጋሚ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሰውነት ካልተነሣበት ለዓመታት ተኝቶ ይኖራል። የበሽታውን መልክ የሚወስነው የሰውዬው መልስ ነው።

በአንዱ ዳር ቁጣው የበረታበት ሕመምተኛ አለ። በገላው ላይ ስሜት የለሽ የሆኑ ጥቂት ንጣፎች ይታያሉ፤ ባክቴሪያ ቢፈለግ አይገኝም ማለት ይቻላል። ነርቩ ግን ተጎድቷል፤ የጎዳውም ጀርሙን ሊያጠፋ የገባው የራሱ ሕዋስ ነው። በሌላው ዳር ዝምታ የወረደበት አለ። ቆዳው በባክቴሪያ ተሞልቶ ሳለ ቲ ሴሎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ይላሉ። ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ዝምታ ለአንድ ጠላት ብቻ መሆኑ ነው፤ ይኸው ሰው ሌላ ጀርም ሲመጣበት በደንብ ይመልሳል። ደካማ አቅም የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይወድቃል። ሰውዬው አቅም አላነሰውም፤ በአንድ መዝገብ ላይ እግድ ተጥሎበታል።

እግዱን የጣለው ማነው? ቅድስት ቦቦሻና የሥራ ባልደረቦቿ ከሆላንድና ከኔፓል ተመራማሪዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከእነዚህ ዝምተኛ ሕሙማን ደም ውስጥ ሲዲ25 የተሸከሙትን ሕዋሳት አወጡ። በአንዳንዶቹ ሕሙማን ደም ላይ የቀሩት ቲ ሴሎች ለባክቴሪያው መልስ መስጠት ጀመሩ። በሁሉም ላይ አይደለም፤ ስለዚህ አረጋጊዎቹ ብቻቸውን ተጠያቂ አይሆኑም፤ ማክሮፋጆቹም እጃቸው አለበት። ቢሆንም ዝምታው ሞት ሳይሆን መታፈን እንደሆነ በኢትዮጵያውያን ደም ላይ ታይቷል።

የአለርት ሐኪሞች የሚፈሩት ዝምታው ሲሰበር ነው። በዝምታው ዳር ያሉት ሕሙማን አንዳንዶቹ በሕክምና ላይ እያሉ፣ አንዳንዴም መድኃኒቱን ጨርሰው ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ፣ በድንገት ይቆጣባቸዋል። ትኩሳት ይነሣል፤ ፊትና ክንድ ላይ የሚያሳምሙ ቀያይ እባጮች ይፈላሉ፤ ነርቭ፣ ዐይንና የዘር ፍሬ ይታመማሉ። ሕክምናው ይህን ኢሪቴማ ኖዶሰም ሌፕሮሰም ይለዋል። ለሕመምተኛው ደግሞ ነገሩ ግራ ነው፤ «ድነሃል» በተባለ ማግሥት ከበፊቱ የባሰ ይታመማል። ኤደሳ ነገራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት የአለርት ጥናት እንዲህ በተቆጣባቸው ሕሙማን ደም ውስጥ የአረጋጊ ቲ ሴሎች ድርሻ ካልተቆጣባቸው ሕሙማን ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ፍሬኑ ላልቷል። እነዚህን ሕሙማን «አቅም ገንቢ» የሚባል ነገር መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ወደ ልደታ ልመለስ፤ እዚሁ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ያቆመው የልብ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀምሯል። ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆች ብዙዎቹ ልባቸው ሲወለድ ጤነኛ ነበረ። የታመሙት ጉሮሯቸውን ነው። ቶንሲል የሚያስቆጣው ስትሬፕቶኮከስ ገጹ ላይ የተሸከመው ፕሮቲን ከልብ ጡንቻና ከልብ በሮች ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል፤ ሰውነት ለጉሮሮው ያዘጋጀውን ጦር አንዳንድ ልጅ ላይ ወደ ልቡ ያዞረዋል። ጉሮሮው በሳምንት ሲድን ልቡ ከሳምንታት በኋላ ይቆጣል። አብዛኛው ቶንሲል የታመመ ልጅ ይህ አይደርስበትም፤ ሳይንሱም የሚጠይቀው በእነዚህ ጥቂቶች ላይ ልጓሙ ለምን ላላ ብሎ ነው። ልጓሙን ማጥበቂያ እስኪገኝ ሐኪሙ ያለው አማራጭ ቁጣው ዳግም እንዳይቀሰቀስ መከላከል ነው፤ በየሦስት በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ለዓመታት። እንጥል በማስቆረጥ ይህ አይመለስም፤ ገና የሚያስቆርጥ ስላለ ነው የማነሣው።

የአንጀት ትሎች ደግሞ ፍሬናችንን ሊረግጡልን የመጡ ናቸው። ወስፋትም ሆነ መንጠቆ ትል በሰው አንጀት ለዓመታት የሚኖሩት መከላከያውን እያለዘቡ ነው፤ አንዳንድ ትል የቲጂኤፍ-ቤታን ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን ራሱ ሠርቶ ይረጫል። አያቶቻችን ኮሶ በየሁለት ወሩ ሲጠጡ የሚያስቡት ስለ ሆድ ነበር፤ ስለ መከላከያ አቅም መሆኑን ማን ያውቃል። በዚህ ጥያቄ ላይ ጅማ ቀድማ ትታወቃለች። የማነብርሃን የተባሉት ሐኪምና የእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አስም በጅማ ከተማ ከገጠሩ እንደሚበዛ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተከተለው ደግሞ መንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲያፏጭ የሚገኘው ባነሰ ቁጥር እንደሆነ ገለጸ። ከዚያ ወዲህ ቡታጅራ ላይ ሕፃናት ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ እየተከታተሉ ተጠንተዋል። ተረኩ ያምራል፤ ትሉ ሲወጣ አለርጂ ይገባል። እኔ ግን ተረኩ ከማስረጃው ፈጥኖ የሄደ ይመስለኛል። ትል በመድኃኒት ባስወጡ ሙከራዎች ላይ አስም እንደተጠበቀው ሲነሣ አልታየም፤ ትል ደም የሚመጥ፣ ልጅ የሚያቀጭጭ ነገር መሆኑም አልቀረም።

ጠንከር ያለው ማስረጃ በክትባትና በሳንባ ነቀርሳ ላይ ያለው ነው። ዳንኤል ኤልያስ፣ ዳዊት ወልዳይና የስዊድን ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ትል ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ቢሲጂ ከመከተባቸው በፊት ትሉ ሲወጣላቸው ቲ ሴሎቻቸው ለክትባቱ የተሻለ እንደሚመልሱ አሳይተዋል፤ በኋላ በወጣው ሥራቸውም ትሉ ባልወጣላቸው ላይ ቲጂኤፍ-ቤታ በዝቶ ተገኘ። ጎንደር ላይ ኤባ አባተና ባልደረቦቹ የነቀርሳ ሕሙማንን ሲመረምሩ ትል በተጨመረባቸው ዘንድ አረጋጊ ቲ ሴሎችና ኢንተርሉኪን-10 ከፍ ብለው ተገኙ። ታዲያ ለእነዚህ ሕሙማን የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል ቢሰጥስ? ያው ቡድን ሞከረው። ኢንተርሉኪን-10 ቀነሰ፤ የሕመምተኛው ሁኔታ ግን መድኃኒቱን ካልወሰደው የተለየ መሻሻል አላሳየም። በደም ብልቃጥ ውስጥ የታየ ለውጥ አልጋ ላይ ያለውን ሰው ሁልጊዜ አያነሣውም፤ ይህን ውጤት ሳይሸሽጉ ማሳተማቸውን አከብራለሁ።

ሲዲፎር የሚለው ቃል በአዲስ አበባ የማይታወቅበት ቤት የለም፤ ኤችአይቪ ያስተማረን ነው። የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ሲከታተል ከቫይረሱ ነጻ የሆኑት ጤነኛ ኢትዮጵያውያን እንኳ ሲዲፎራቸው ከሆላንዳውያን በግልጽ ያነሰ፣ ያልተነካኩ ቲ ሴሎቻቸው ጥቂት፣ የነቁት ደግሞ ብዙ ሆነው ተገኙ። ቁጥሮቹን ያሳተመችው አስቴር ጸጋዬ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የብዙ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች መምህር ሆናለች። በዚያው ዘመን ወደ እስራኤል በተሻገሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይ ዝቪ ቤንትዊችና ጋዲ ቦርኮ የሠሩት ጥናት ጨዋታውን አሟላው። ትል የነበረባቸው ስደተኞች ቲ ሴሎች ያለማቋረጥ ስለነቁ ሲቲኤልኤ-4 በዝቶባቸው፣ የውስጥ መልእክታቸውም ደንዝዞ ተገኘ። ዘወትር የሚቆጣ ሰው መጨረሻው ድካም ነው፤ ሕዋሱም እንዲሁ። ቁጣና ድንዛዜ እዚህ ተቃራኒ አልነበሩም፤ አንዱ ሌላውን ወልዶታል።

ይህ ድካም ክፉ የሚሆነው በመተማና በሁመራ እርሻ ላይ ካላዛር ይዞት ኤችአይቪም ባለበት ሰው ላይ ነው። ታክሞ ይድናል፤ ከወራት በኋላ ያገረሽበታል፤ ደግሞ ይታከማል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኛሰው ታከለና ባልደረቦቹ ከለንደን ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ክትትል በሽታው የሚያገረሽባቸው ሰዎች ሲዲፎራቸው ዝቅ ያለ፣ በቲ ሴሎቻቸው ላይ ያለው ፒዲ-1 ከፍ ያለ፣ የሚያመነጩት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው አንቂ ኬሚካልም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ፍሬኑ ተረግጦ የቀረ መኪና ማለት ነው።

ታዲያ ፍሬኑን ማንሣት አይቻልም? ይቻላል፤ ሆንጆና አሊሰን የተሸለሙትም ለዚሁ ነው። ሲቲኤልኤ-4ን የሚይዘው ኢፒሊሙማብ እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ለቆዳ ካንሰር ተፈቀደ፤ ሊሞቱ ነው ከተባሉት ጥቂቶቹ ዓመታት ኖሩ። ሲወጣ የአንድ ሰው ሙሉ ሕክምና ዋጋ 120 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ጥቁር አንበሳ ለኬሞቴራፒና ለጨረር ተራ የሚጠብቅ ቤተሰብ ይህን ቁጥር ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ዋጋውን ብንተወው እንኳ ሌላ ዕዳ አለው፤ ፍሬኑ ሲነሣ መኪናው የሚሄደው ወደ ካንሰሩ ብቻ አይደለም። አንጀት ይቆጣል፣ ታይሮይድ ይቆጣል፣ ሳንባ ይቆጣል። ሐኪሙ ያን ጊዜ የሚያወጣው ያንኑ የጥጉን ክኒን ነው፤ ፕሬድኒሶሎንን።

ክኒኑም የዋህ አይደለም። ርካሽ ስለሆነ፣ ቶሎ ስለሚያሽል፣ ያለ ወረቀት የሚያገኘውም ስላለ ሰው ይዳፈረዋል። ስትሮንጊሎይድስ የምትባል ደቃቅ ትል በአንጀቱ ያለችበት ሰው ሳይመረመር ለረጅም ጊዜ ሲወስደው ትሏ ከአንጀት ወጥታ ሰውነቱን ልትሞላና ልትገድለው ትችላለች። ለወራት ከወሰዱት በኋላ በድንገት ማቆምም አደጋ ነው፤ አድሬናል እጢ ኮርቲዞል መሥራት ትቶ ቆይቷልና። 

የሥጋ ደዌ ቁጣ በተነሣበት ሰው ላይ ይህ ሁሉ ባንድ ይመጣል። ሐኪሙ በከፍተኛ መጠን ይጀምርና በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ሚሊግራም ይቀንሳል። ነርቩን ይዳስሳል፤ መዳፉን በቀጭን ክር እየነካካ ስሜቱን ይለካል፤ ዐይኑን ይጨፍን እንደሆነ ያያል። ክኒኑ ሲቀነስ ደህና ከሆነ፣ የራሱ አረጋጊ ሕዋሳት ሥራውን እየተረከቡ ሊሆን ይችላል። እባጩ ከተመለሰ መጠኑ ወደ ላይ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ሕመምተኛ እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ዓመት ያልፈዋል፤ ፊቱ ክብ ሆኖ፣ ስኳሩ ወጥቶ። ወደ ክሊኒኩ በየሁለት ሳምንቱ የሚያመጣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «ዛሬስ ስንት ትቀንሱልኛላችሁ?»